ሰይፍ ከቡጢ ሲለይ፦ የሶልካሊበርና የተጫዋቾቹ ሙግት

ቡጢ የሚደርሰው ክንድ እስከተዘረጋበት ድረስ ብቻ ነው። በእጅና በእግር በሚፋለሙባቸው ቪዲዮ ጌሞች ሁለቱ ተፋላሚዎች ተቀራራቢ ርቀት ላይ ሆነው ይማታሉ፤ የሚበላለጡት በፍጥነትና በጉልበት ነው። አንዱ ጦር ሌላው ጩቤ ከያዘ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ ጦሩ ራቅ ብሎ መቆየት ይፈልጋል፤ ባለ ጩቤው ያንን ርቀት ሰብሮ መግባት አለበት፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ረጅሙ ጦር ለባለቤቱ ሸክም ይሆንበታል። በመሣሪያ የሚደረግ የፍልሚያ ጌም ታሪክ በአብዛኛው ይህን ርቀት ወደ ጨዋታ የመለወጥ ታሪክ ነው። አብሮት የሚሄድ ሌላ ችግርም አለ። እውነተኛ ሰይፍ አንዴ ካረፈ ሊገድል ይችላል፤ ሳንቲም ከፍሎ የገባ ተጫዋች ግን በመጀመሪያው ምት ተሸንፎ መውጣት አይወድም። ሠሪዎቹ ለእነዚህ ሁለት ችግሮች የሰጡትን መልስ ተጫዋቾች ሲያደንቁትም ሲያማርሩበትም ኖረዋል። ብዙ ሙግት ካስነሱት መካከል ዋናው የጃፓኑ ናምኮ ኩባንያ የሠራው ሶልካሊበር ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእሱ በፊት ሙከራዎች ነበሩ። የእንግሊዙ ፓላስ ሶፍትዌር በ1987 ያወጣው ባርባሪያን ሁለት ጎራዴኞችን የሚያፋልም ሲሆን፣ በትክክለኛው ቅጽበት የተሰነዘረ አንድ ምት የባላጋራን አንገት ቀልቶ ፍልሚያውን እዚያው ይጨርሰው ነበር። በ1992 በአሜሪካ የወጣው ታይም ኪለርስ እጅ መቁረጥን ጨመረበት፤ አንድ ክንዱን ያጣ ተፋላሚ በቀረው ክንድ መቀጠል ነበረበት። ሐሳቡ ደፋር ቢሆንም አጨዋወቱ ሻካራ ስለነበር፣ ብዙዎች የሚያስታውሱት ደሙን እንጂ ፍልሚያውን አይደለም።

ዘርፉን በእግሩ ያቆመው ኤስኤንኬ የተባለው የኦሳካ ኩባንያ በ1993 ያወጣው ሳሙራይ ስፒሪትስ ነው፤ ከጃፓን ውጭ ሳሙራይ ሾዳውን በሚል ስም ይታወቃል። ታሪኩ የሚካሄደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በነበረችው ጃፓን ነው። ዋናው ተፋላሚ ሃኦማሩ የሚሰነዝረው ከባድ የጎራዴ ምት በትክክል ካረፈ ከባላጋራው የሕይወት መስመር ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። በዚያን ጊዜ የገነነው ስትሪት ፋይተር 2 ምቶችን እያያያዙ መደርደርን ሲያስለምድ፣ ይኼኛው መጠበቅን አስለመደ። ባላጋራው አንድ ምት ሰንዝሮ እስኪስት ድረስ ዳር ዳር እያሉ መቆየት፣ ከዚያም አንዴ መምታት የጨዋታው ጥበብ ሆነ። ሁለት መሣሪያዎች ሲጋጩ ተጫዋቾቹ ቁልፎቹን በፍጥነት ይደበድባሉ፤ የተረታው መሣሪያው ከእጁ ወልቆ ይወድቅና እስኪያነሳው ድረስ ባዶ እጁን ይፋለማል። ፈጣን ጨዋታ የለመዱ ሰዎች ይህን ዝግታ አሰልቺ አሉት፤ የወደዱት ግን እስከ ዛሬ በሌላ አልለወጡትም። የ2019ኙ አዲስ እትም ያንኑ ዝግታ ይዞ መመለሱም ሠሪው እነዚህን ሰዎች እንደሰማ ያሳያል።

እስከ ሳሙራይ ስፒሪትስ ድረስ ፍልሚያው በአብዛኛው በአንድ መስመር ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚደረግ ነበር። ሴጋ በ1993 በቨርቹዋ ፋይተር፣ ናምኮ በ1994 በተከን ፍልሚያን ወደ ስሪ ዲ አሻገሩት፤ ሁለቱም ግን የቡጢና የእርግጫ ጨዋታዎች ናቸው። መሣሪያን ወደዚህ ዓለም ይዞ የገባው ታምሶፍት ሠርቶት በ1995 የመጀመሪያ ቀን በጃፓን የወጣው ቶሺንደን ነው። ጎን ተንከባሎ ከምት ማምለጥ የሚቻልበት ሲሆን፣ ሶኒም አዲሱን ፕሌይስቴሽን ለገበያ ለማስተዋወቅ በሰፊው ተጠቅሞበታል። ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ በመልኩ ተደነቁ። ተከን ለፕሌይስቴሽን ከወጣ በኋላ ግን የቶሺንደን አጨዋወት ጥልቀት እንደሚያንሰው ለመናገር ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ ተከታዮቹ ክፍሎች የመጀመሪያውን ዝና አላገኙም። ከሁለት ዓመት በኋላ ላይትዌይት የሠራውና ስኩዌር ያሳተመው ቡሺዶ ብሌድ ፍጹም የተለየ መንገድ ሞከረ። የሕይወት መስመርን ጭራሹን አጠፋው፤ አንድ ጥሩ ምት ይገድላል፤ እግሩን የተመታ ሰው ተንበርክኮ ይፋለማል። ስለ እውነተኛነት ክርክር በተነሳ ቁጥር ስሙ የማይቀር ጨዋታ ነው። ሆኖም ብዙ ተከታይ አላፈራም።

ናምኮ የራሱን መልስ ያቀረበው በ1995 መጨረሻ ሶል ኤጅ በተባለ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በሳንቲም ለሚጫወቱባቸው አዳራሾች ሲሆን፣ የሚሠራበት ሲስተም 11 የተባለው ማሽን ከፕሌይስቴሽን ጋር የቅርብ ዝምድና ነበረው። ስለዚህም በ1996 መጨረሻ ወደ ቤት ሲገባ ብዙም አልጎደለበትም፤ በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካና በአውሮፓ ሶል ብሌድ ተብሎ ተሸጠ። ታሪኩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነፍስ የሚበላ አንድ ሰይፍ ለማግኘት ወይም ለማጥፋት ከየአገሩ የተነሱ ሰዎችን ይከተላል፦ ጃፓናዊው ሚትሱሩጊ፣ የግሪኳ ሶፊቲያ፣ ስፔናዊው የባሕር ወንበዴ ሰርቫንቴስ፣ ጀርመናዊው ሲግፍሪድ፣ ኮሪያዊው ሁአንግና ሌሎችም። በዚህ ጨዋታ መሣሪያ ራሱ ዕድሜ ነበረው። ምትን በተከላከሉ ቁጥር የመሣሪያው መለኪያ ይቀንሳል፤ ሲያልቅ መሣሪያው ይጠፋና ተፋላሚው ባዶ እጁን ይቀራል። ሁልጊዜ ተከልሎ መቆምን የሚቀጣ ሕግ ነበር። የቤት እትሙ ኤጅ ማስተር የተባለ ክፍልም ነበረው፤ ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን ታሪክ እየተከተለ ክብደታቸውና ጥንካሬያቸው የሚለያይ መሣሪያዎችን ይሰበስብ ነበር። ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው የወደደው ይህን ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህም በእያንዳንዱ አዲስ እትም እሱን የሚመስል ነገር ይጠብቃል። በአዳራሽ ቆሞ ከሌላ ሰው ጋር የሚፋለመው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃል። የተከታዮቹ እትሞች ውዝግብ አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ተጫዋቾች መካከል ነው።

የሶል ኤጅ ተከታይ ሆኖ በ1998 የወጣው ሶልካሊበር የመሣሪያ መሰበርን ትቶ ሁሉንም ነገር በእንቅስቃሴ ላይ ጣለ። ተጫዋቹ መሪውን ይዞ በማቆየት ብቻ ተፋላሚውን በስምንት አቅጣጫ ማራመድ ቻለ። ከዚያ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ የስሪ ዲ ጨዋታዎች ወደ ጎን መሄድ አጭር እርምጃ ወይም ልዩ ትእዛዝ ነበር፤ እዚህ ግን ተራ መራመድ ሆነ። በዚህ ላይ ቀላል ሕግ ተገነባ። ቁልቁል የሚሰነዘር ምት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ጎን የሚራመድ ሰው ያመልጠዋል። አግድም የሚሰነዘር ምት ጎን ተራማጁን ያገኘዋል፤ ጉዳቱ ግን አነስ ይላል፣ ቁልቁል ምትም ሊቀድመው ይችላል። ሦስተኛው መሣሪያ መመከት ነው። ጋርድ ኢምፓክት የሚባለው ይህ ስልት መጪውን ምት በትክክለኛው ቅጽበት ገፍቶ ባላጋራን ለአፍታ ያንገዳግዳል፤ የተገፋውም በተራው መልሶ ሊመክት ስለሚችል ሁለት ጎበዞች ሲገናኙ መመካከታቸው ራሱ ጨዋታ ይሆናል። መድረኩ ጠርዝ ስላለው የሕይወት መስመሩ ሙሉ የሆነ ሰው እንኳ ተገፍቶ ከወደቀ ዙሩን ያጣል። ተጫዋች አሁን የመሣሪያውን ርዝመት፣ የባላጋራውን እርምጃና ከጀርባው ያለውን ጠርዝ አብሮ ማስላት ነበረበት።

ዝናውን ያመጣው ግን የቤቱ እትም ነው። በ1999 ለሴጋ ድሪምካስት የተዘጋጀው ሶልካሊበር በሰባት ወር ገደማ ተሠርቶ ከአዳራሹ ማሽን የላቀ መልክ ይዞ ወጣ፤ በማሽኑ ላይ ጠፍጣፋ ሥዕል የነበረው የመድረኩ ዳራ እንኳ ሙሉ ስሪ ዲ ሆነ። የቤት መጫወቻ የአዳራሹን ማሽን ሲበልጥ ማየት በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን መጽሔት አራቱም ገምጋሚዎቹ 10 ሰጥተውት 40 ከ40 አስቆጠረ፤ ከእሱ በፊት ይህን ያገኘው በ1998 የወጣው የዜልዳ ጨዋታ ብቻ ነው። የግምገማ ነጥቦችን የሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ላይም 98 ነጥብ ይዟል። በደቡብ ኮሪያ የወጣው እትም ግን አንድ ለውጥ ነበረበት። አገሪቱ በጃፓን የባህል ውጤቶች ላይ ከነበራት ገደብ የተነሳ ሳሙራዩ ሚትሱሩጊ ወጥቶ በምትኩ አርተር የተባለ አውሮፓዊ ጎራዴኛ ገባ።

በተጫዋቾች ዘንድ ግን ሁሉም ምስጋና አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን የተነሳው ወቀሳ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ቁልፎቹን በዘፈቀደ እየደበደበ ያማረ ነገር መሥራት ይችላል የሚል ነው። ረጅም ዱላ የያዘው ኪሊክና ኑንቻኩ የሚያሽከረክረው ማክሲ ለዚህ ዋና ምሳሌ ሆነው ይጠቀሳሉ። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች መልሳቸው አጭር ነበር፦ በዘፈቀደ የሚደበድብ ሰው መካችና ጎን ተራማጅ እስኪገጥመው ድረስ ነው የሚያሸንፈው። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሶልካሊበር በር ሰፊ ነው፤ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ይደሰታል። ከተከን ጎን ሲቀመጥ በወዳጆቹ ዘንድ ቁም ነገር፣ በተቺዎቹ ዘንድ ደግሞ ጉድለት ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ክፍል በ2002 በአዳራሽ፣ በ2003 ደግሞ በሦስት የቤት መጫወቻዎች ወጣ። እዚህ ላይ ናምኮ ለገበያ ብልህ፣ ለውድድር አስቸጋሪ የሆነ ነገር አደረገ፦ ለእያንዳንዱ መጫወቻ የተለየ እንግዳ ሰጠ። የኒንቴንዶው ጌምኪዩብ ከዜልዳ የመጣውን ሊንክን፣ ፕሌይስቴሽን 2 ከተከን የመጣውን ሄይሃቺን፣ ኤክስቦክስ ደግሞ ስፖን የተባለውን የአሜሪካ ኮሚክ ጀግና አገኙ። ሊንክ ቀስቱንና ቦምቡን ይዞ ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር የተስማማ ይመስል ነበር፤ ሄይሃቺ ግን መሣሪያ በያዙ ሰዎች መሃል በቡጢ የሚፋለም ሆነ። ውድድር ለሚያዘጋጁ ሰዎች ሦስቱ እትሞች ሦስት የተለያዩ ዝርዝሮች ነበሩ። የስፖን ፈጣሪ ቶድ ማክፋርሌን የቀረጸውና በሦስቱም የገባው ኔክሪድ የተባለ ተፋላሚ ከብዙ የጥንት ተጫዋቾች ፍቅር አላገኘም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለተኛው ክፍል ከሶልካሊበር ቤተሰብ እጅግ የተወደደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2013 በጠራ ምስል ታድሶ ወጥቷል።

ሦስተኛው ክፍል በ2005 አዳራሹን ትቶ በቀጥታ ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። ለቤት ተጫዋች የሚሆን ነገር ሞልቶበት ነበር፤ የራስን ገጸ ባሕርይ መፍጠርና ሠራዊት እየመሩ የሚፋለሙበት ረጅም ክፍል ተጨመረ። ተጫዋቾች ግን ሁለት ነገር አማረሩ። በሜሞሪ ካርዱ ላይ ሌሎች ፋይሎች ሲሰረዙ ወይም ሲዛወሩ የጨዋታው ፋይል የሚበላሽበት ስሕተት ነበረ፤ የብዙ ሰዓት ልፋት እንደዋዛ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ ምትን ሰንዝሮ የሚቆይበትን ጊዜ ሠሪዎቹ ባላሰቡት መንገድ ማሳጠር የሚቻልበት ቀዳዳ ነው። አንዳንዶች ይህን ቀዳዳ እንደ ስልት ተለማመዱት፤ ሌሎች ጨዋታው ሳይጨርስ ወጣ አሉ። በ2006 ለአዳራሽ የተዘጋጀው እትም ብዙ ነገር ቢያርምም ወደ ቤት አልመጣም፤ ይኸው ለተወዳዳሪዎች የቆየ ቁጭት ሆኖ ቀረ።

በ2008 አራተኛው ክፍል ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ወጣ፤ በኢንተርኔት መፋለምም ተቻለ። እንግዶቹ ከስታር ዋርስ መጡ፤ ዳርዝ ቬደርና ዮዳ ከእነሱ መካከል ነበሩ። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰይፍ ከብርሃን ሰይፍ ጋር መጋጨቱ በራሱ ብዙ አስቀለደ፤ ተጫዋቾችን ያናደደው ግን ዮዳ ነው። ቁመቱ በጣም አጭር ስለሆነ ይዞ መጣል የሚባለው ስልት ሁሉ በላዩ ያልፍ ነበር። ከስታር ዋርስ እንግዶች ይበልጥ የውድድሩን ሚዛን ያናጋችው ግን ሂልዴ የተባለች አዲስ ተፋላሚ ነች፤ በጦሯ ባላጋራን ከሩቅ እየገፋች ከመድረክ የምትጥልበት ተከታታይ ምት በቀላሉ የማይመከት ስለነበር በአንዳንድ ውድድሮች እንዳትመረጥ ታገደች። የተወቀሰው ሌላው ነገር አለባበስ ነው። ትጥቅ ተሰብሮ የሚወድቅበት አዲስ ሥርዓት ሲጨመር፣ በተለይ እንደ አይቪ ያሉ ሴት ተፋላሚዎች የሚታዩበት መንገድ ጨዋታውን ለሰው ለማሳየት ያሳፍራል የሚሉ ድምፆች በረቱ። ሌሎች ደግሞ ይህ የቤተሰቡ የቆየ መልክ ነው ብለው ተከላከሉ፤ ይህ ሙግት በኋለኞቹ እትሞችም ተከትሏል።

እጅግ የከፋው መከፋፈል የመጣው በ2012 በአምስተኛው ክፍል ነው። ታሪኩ 17 ዓመት ወደፊት ዘለለ። ታኪ፣ ሶፊቲያ፣ ሾንግሁዋ፣ ታሊምና ዛሳላሜል ጠፉ፤ በአንዳንዶቹ ቦታ ልጆቻቸው ወይም ተማሪዎቻቸው ተተኩ። የታሪኩ ክፍል የሚናገረው ስለ ሁለቱ የሶፊቲያ ልጆች ብቻ ነበር፤ የቀሩት ተፋላሚዎች ታሪክ አልነበራቸውም። የሥራው መሪ ዳይሺ ኦዳሺማ ታሪኩ በእቅድ ከዚያ በጣም ይሰፋ እንደነበርና የጊዜና የሰው እጥረት እንዳሳጠረው ተናግረዋል። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ገጸ ባሕርይ የተማረ ሰው ስሟን ከዝርዝሩ ሲያጣት የሚሰማው ቅሬታ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በዚህ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ማለት መሣሪያ፣ ርቀትና ልማድ ማለት ነው፣ ሁሉንም እንደገና መማር ያስፈልጋል። ተወዳዳሪዎች በአንጻሩ ፍልሚያው ፈጣንና ጥርት ያለ፣ የኢንተርኔት ግንኙነቱም ከአራተኛው የተሻለ ሆኖ አገኙት። ጋርድ ኢምፓክት አሁን በፍልሚያው ከሚጠራቀም መለኪያ የሚያስከፍል በመሆኑ ግን የጨዋታው ነፍስ ተነካ ያሉም ነበሩ። ጨዋታው በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ በተካሄደው ኢቮ የተባለ ታላቅ ውድድር ዋና መድረክ ላይ ቀርቧል። ሱቅ ውስጥ ግን የቤት ተጫዋቹ ቅሬታ አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለብቻ የሚጫወቱት በነፃ የሚወርድ ሎስት ሶርድስ የተባለ ጨዋታ ወጥቶ በ2015 ተዘጋ፤ ሁለቱንም ወገን አላስደሰተም።

ስድስተኛው ክፍል በጥቅምት 2018 ሲወጣ ለዚህ ሁሉ ቅሬታ የተሰጠ መልስ ይመስል ነበር። ታሪኩ ወደ መጀመሪያው ሶልካሊበር ዘመን ተመለሰ፤ የጠፉት ፊቶች መጡ፤ መመከት እንደገና ያለ ክፍያ ሆነ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ሁለት ረጅም የታሪክ ክፍሎች ተዘጋጁ። የሥራው ኃላፊ ሞቶሂሮ ኦኩቦ ይህ እትም ካልተሳካ የቤተሰቡ መጨረሻ ሊሆን እንደሚችል አልደበቁም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ወዲያውኑ ሙግት አስነሱ። ቲራ የተባለችው የቆየች ተፋላሚ ጨዋታው በወጣበት ቀን ለብቻዋ በገንዘብ መሸጧ አንዱ ነው፤ የሚወዷት ሰዎች የራሳቸው ንብረት እንደተወሰደባቸው ቆጠሩት። ሁለተኛው ሪቨርሳል ኤጅ ነው። አንድ ቁልፍ በመያዝ ምትን ተቋቁሞ መልሶ የሚመታ፣ ከዚያም ጨዋታውን አዘግይቶ ሁለቱን ተጫዋቾች በግምት የሚያፋልም ሥርዓት ነው። ጀማሪዎች ወደዱት፤ ቴሌቪዥን ላይ ለሚያይም ያምራል። ልምድ ያላቸው ግን በርቀትና በእርምጃ የተገነባ ጨዋታ መሃል ላይ ዕድል ማስገባት ነው ብለው ተቃወሙት፤ በየፍልሚያው ደጋግሞ መታየቱም ፍጥነቱን ይሰብራል አሉ። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ የበለጠ እውነት የያዙ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ የሚሠራው ተጫዋቾቹ የትም ቢቆሙ፣ ማንኛውንም መሣሪያ ቢይዙ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

እንግዶቹ በዚህ እትም የተሻለ ተቀባይነት አገኙ። ዊቸር ከተባለው ጨዋታ የመጣው ጌራልትና ኒየር ከተባለው የመጣችው ቱቢ ሁለቱም ሰይፍ ይዘው የሚታወቁ ስለሆኑ እንግድነታቸው አልጎላም። በ2020 የኤስኤንኬው ሃኦማሩ ሲጨመር ደግሞ ደስታው የተለየ ነበር፤ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች የመሣሪያ ጨዋታዎች በአንድ መድረክ ተገናኙ። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሮችን ወደ ኢንተርኔት ሲገፋ የግንኙነቱ ሥርዓት ደካማነት ዋና ቅሬታ ሆነ። በምት መካከል የሚፈጠር ትንሽ መዘግየት ትክክለኛ ቅጽበት በሚጠይቀው መመከት ላይ ከሁሉ ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ ሶልካሊበር ከሌሎች ጨዋታዎች የበለጠ ተጎዳ። በታኅሣሥ 2020 ከሶል ኤጅ ዘመን የነበረው ኮሪያዊው ሁአንግ ተጨመረ፤ የእትሙ የመጨረሻ ተፋላሚ እሱ ሆነ።

ያልተዘጉት ክርክሮች በአብዛኛው የቆዩት ናቸው። አንደኛው የአይቪ ጉዳይ ነው። እንደ ጅራፍ የሚዘረጋ ሰይፍ የያዘችው አይቪ በቀደሙት ክፍሎች ውስብስብ የጣት ትእዛዝ የሚጠይቁ የመያዣ ስልቶች ነበሯት፤ ያንን ትእዛዝ መማር ለብዙዎች የወራት ልምምድ ነበር። በኋለኞቹ እትሞች ሲቀል አንዱ ወገን በሩ ተከፈተ አለ፤ ሌላው የለፋበት ነገር ረከሰበት። ሌላው ከመድረክ መውደቅ ነው። ሙሉ ጤና ይዞ በአንድ ግፊት ተወርውሮ መሸነፍ ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ጠርዙ ከሌለ ርቀትና አቋም ትርጉም ያጣሉ የሚሉም አሉ፤ ሠሪዎቹም አንዳንዱን መድረክ በግንብ አጥረው ሌላውን ክፍት በመተው ሁለቱንም ወገን በግማሽ ያስደስታሉ። ሦስተኛው ተጫዋቹ ራሱ በፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት ኢንተርኔት ላይ መፋለም ነው። በመልክ ፈጠራው የሚዝናናው ቤት ተጫዋች ከጨዋታው ደስታ ግማሹ ይህ ነው ይላል፤ ተወዳዳሪው ግን ከፊቱ የቆመው ግዙፍ እንስሳ የያዘው የማን ስልት እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አንድ ዙር ያልፍበታል።